ዘይት የሚበላ ራቭ ፎር፦ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት
የአንባቢያን የመኪና ጥያቄዎች፣ ከጅማ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያገለገለ ራቭ ፎርን የሚመለከቱ ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ናረ። ስለዚህ ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት የተሠራ መኪና ያለው ሰው እሱኑ እየጠገነ መንዳት ግድ ሆኖበታል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሕመሙ ሳይታወቅ የሚለወጥ ዕቃ ባለመኪናን ያራቁታል። ዛሬ ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጠናል። ከዚህ በታች ከመኪና ሞዴል ጋር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሄርማታ የምኖር የቡና ነጋዴ ነኝ። የ2007 ሞዴል፣ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ራቭ ፎር አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ስገዛው ምንም አልነበረበትም፤ አሁን ግን በየ900 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ዘይት እጨምራለሁ፤ ሊትሩን የምገዛው በ1,200 ብር ነው። ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። አንድ ጋራዥ ሞተሩን አውርዶ ፒስተንና ፋሻ ለመለወጥ 160 ሺህ ብር ጠየቀኝ፤ ሌላው ደግሞ ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ በ320 ሺህ ብር ልቀይርልህ አለኝ። በወር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳም። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ለጊዜው ከሁለቱ አንዱንም እንዳይመርጡ እለምንዎታለሁ። 2ኤዜድ ኤፍኢ እየተባለ የሚጠራው ይህ ሞተር ከ2006 እስከ 2008 በተሠሩት ራቭ ፎሮች ላይ ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ፒስተን ሦስት ፋሻዎች፣ ማለትም በዙሪያው የተጠለቁ የብረት ቀለበቶች፣ አሉት፤ ከሁሉ ታች ያለው ፋሻ ሥራው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይት ጠርጎ መመለስ ነው። የተጠረገው ዘይት ወደ ታች የሚወርድባቸው በፒስተኑ ላይ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግን በዚህ ሞተር ላይ በተቃጠለ የዘይት ዝቃጭ ቶሎ ይደፈናሉ፤ ፋሻውም ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ መጥረጉን ያቆማል፤ በግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይነዳል። ቶዮታ ችግሩን ተቀብሎ አሜሪካ ውስጥ በ1,200 ማይል፣ ማለትም በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሊትር ያህል የሚበሉትን መኪኖች በተወሰነ የዋስትና ጊዜ ውስጥ ፒስተንና ፋሻቸውን ይለውጥ ነበር። የዋስትናው ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ መለኪያው ግን ዛሬም ይጠቅመናል። የእርስዎ መኪና የሚበላው ከዚያ መለኪያ በእጥፍ በልጧል፤ ስለዚህ የጋራዡ ጥርጣሬ ከእውነት የራቀ አይደለም።

ሆኖም ሞተር ከማስወረድዎ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ሁለት ርካሽ ነገሮች አሉ። አንደኛው ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ትንፋሽ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው ቫልቭ ነው። አውራ ጣት የማይሞላ ዕቃ ነው፤ ወልቆ ከጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ድምፅ ካልሰጠ ተደፍኗል ማለት ስለሆነ ትንፋሹ ዘይት እየገፋ ያወጣል። መለወጡ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሲሆን ዋጋውም ከዘረዘሩልኝ ሁሉ ያንሳል። ሁለተኛው የቫልቮቹ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ በቫልቮቹ ዘንግ ላይ የሚጠለቀው የጎማ ቀለበት ነው። ጠዋት ሞተሩ እንደተነሣ ሰማያዊ ጭስ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቡልቅ ብሎ ከጠራ፣ ሌሊቱን በደረቁ ጎሚኒዎች በኩል የወረደ ዘይት ነው የሚነደው። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ደግሞ ከወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት በማርሽ ብቻ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው ወደ አበልቲ አቀበት ነዳጅ ሲሰጡ ከኋላዎ ያለ ሰው ጭሱን ይመልከትልዎ። ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይቱን ወደ ላይ ስለሚስበው ደካማ ጎሚኒም ሆነ የተጣበቀ ፋሻ በዚህ ቦታ ይገለጣል። የቫልቭ ጎሚኒ ብቻ ከሆነ፣ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር ሞልቶ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሳያወርድ ይለውጠዋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ የሲሊንደር ግፊት ተለክቶ ጤነኛ ቢሆን እንኳ የታችኛው ፋሻ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ግፊቱን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ማለት በዓመት 12,000 ነው፤ ለ900 ሲካፈል ከ13 ሊትር ጥቂት ይበልጣል፤ በ1,200 ብር ሲባዛ ወደ 16 ሺህ ብር ይመጣል። የተጠየቁት የማደሻ ዋጋ የአሥር ዓመት የጭማሪ ዘይት ነው ማለት ነው። ስለዚህ መብላቱ በዚሁ መጠን ከጸና ዘይቱን እየጨመሩ መንዳት በኪስዎ በኩል የተሻለ ነው፤ የእኔም ምክር ይኸው ነው። ይህን የምመክረው ግን በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በጨርቅ ይጥረጉት፤ መልሰው እስከ መጨረሻው ያስገቡትና እንደገና አውጥተው ያንብቡ። ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብና የጨመሩትን መጠን በደብተር ይጻፉ። ሞተሩ ሲሞላ የሚይዘው አራት ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ሊትር እስኪጎድል ሳያዩ መቅረት ግማሹን ዘይት አጥቶ መንዳት ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ የዘይት መብራት አይጠብቁ፤ እሷ የምትናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ መጠኑ ስላልሆነ፣ እስክትበራ ድረስ ኩሽኔታዎቹ ተጎድተው ሊቆዩ ይችላሉ። ብዙ ሰው ዘይት የበላ ሞተር ላይ ወፍራም ዘይት ይሞላል። የተጣበቀ ፋሻ በወፍራም ዘይት አይላቀቅም፤ በጅማ ቀዝቃዛ ማለዳ ደግሞ ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል።

ደብተሩ መብላቱ እየፈጠነ መሄዱን ካሳየዎት፣ ለምሳሌ አንድ ሊትር 500 ኪሎ ሜትር የማያስኬድ ከሆነ፣ ወይም ካንዴላዎቹ ሲፈቱ በዘይት ርሰው ከተገኙ፣ ያኔ ሞተሩ ይውረድ። በዚያን ጊዜ ከጋራዡ ድምሩን ብቻ አይቀበሉ፤ የየዕቃውን ዋጋ፣ የእጅ ዋጋውንና የሬቲፊካውን፣ ማለትም የሞተር ብረት እየላገ የሚያስተካክለውን ቤት፣ ክፍያ ለየብቻ በወረቀት ያስጽፉ። ፋሻ ብቻ እንለውጥ የሚል ካለ አይስማሙ፤ ቶዮታ ያሻሻለው ፒስተኑንም ጭምር ነው፤ አሮጌው ፒስተን ላይ አዲስ ፋሻ ማስገባት ያንኑ ሕመም መልሶ መትከል ነው። የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ይለካ። ቴስታታው የሚታሰርባቸው የቡሎን ቀዳዳዎችም ይፈተሹ፤ ምክንያቱን በሚቀጥለው መልስ ያገኙታል።

ያገለገለውን ሞተር በተመለከተ አልደግፈውም። ከእርስዎ መኪና ጋር የሚገጥመው ሞተር የዚያው ዘመን ምርት ከሆነ ያው ደካማ ፒስተን ያለበት ሊሆን ይችላል፤ በ320 ሺህ ብር ያንኑ በሽታ መግዛት ይሆናል። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር ለውጡን በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማስመዝገብም ይጠበቅብዎታል፤ ሻጩ የሞተሩን የግዢ ሰነድ ካልሰጠዎት በዓመታዊ ምርመራም ሆነ በሽያጭ ጊዜ ይቸገራሉ።

ጥያቄ፦ በቂጦ ፉርዲሳ ነዋሪ የሆንኩ መምህር ነኝ። መኪናዬ የ2004 ራቭ ፎር፣ 2.4 ሊትር ነው። ከጊቤ ወደ ሰኮሩ ስወጣ ይሞቃል፤ ከተማ ውስጥ ግን ደኅና ነው። በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ውኃ እጨምራለሁ፤ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ራዲያተሩ ታጥቧል፣ ቀጥሎም ተለውጧል፤ ቴርሞስታቱን መካኒኩ አውልቆ ጥሎታል። ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤዎ የራሴን ታሪክ አስታወሰኝ። ከዓመታት በፊት በእንዲሁ ያለ ሞተር ላይ እኔም ሦስት ወር ሙሉ ራዲያተርና ቱቦ ሳስለውጥ ቆይቻለሁ፤ የሠራልኝ ጋራዥ የሚፈስ ነገር የለም ብሎ ደጋግሞ አረጋገጠልኝ። አንድ ማለዳ ኮፈኑን ከፍቼ ከሞተሩ ጀርባ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ በኩል ባለው ጠባብ ክፍተት የእጅ ባትሪ አበራሁ፤ ቴስታታው ከብሎኩ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና አካል፣ በሚገናኝበት መስመር ላይ የደረቀ ጨው የመሰለ ሮዝማ ቅርፊት አየሁ። በጥፍሬ ስፍቀው ተፈረፈረ። ውኃው የሚወጣው ከዚያ ነበር፤ ሞተሩ ሲግል ወዲያው ስለሚተን መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አይታይም። ከፊት ለፊት የሚያይ መካኒክም አያገኘውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብሎኩ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ እስከ 2006 አካባቢ በተመረቱት ሞተሮች ላይ በተለይ የኋለኛው ረድፍ የቴስታታ ቡሎኖች የሚይዙበት ፊለት፣ ማለትም ጥርሱ፣ በሙቀት ብዛት ተበልቶ ይላላል። ቡሎኑ አጥብቆ መያዝ ሲያቅተው በሁለቱ መካከል ባለው ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮኑ፣ ላይ ያለው ጫና ይቀንስና ውኃው መውጫ ያገኛል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጦ መግጠም ገንዘብን ማባከን ነው፤ ቡሎኑ ሲጠበቅ ፊለቱ አብሮ ይወጣል። ትክክለኛው ጥገና የተበላውን ቀዳዳ አስፍቶ ባለ ፊለት የብረት ቡሽ መትከል ነው። ሥራው ልክ የሆነ መምሪያና ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ የሚሠራልዎ ሰው ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። በአንድ ቀዳዳ ላይ ከተበላ ሌሎቹም ስለማይታመኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስደረግ ይሻላል፤ ቴስታታው ዳግም ቢወርድ የእጅ ዋጋው እንደ አዲስ ይከፈላልና።

ነገር ግን እዚያ ከመድረስዎ በፊት ከርካሹ ይጀምሩ። የራዲያተሩ ክዳን ከሁሉ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክዳኑ ግን ግፊት አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ይህን ማድረግ ስለማይችል ጤነኛ ሞተር እንኳ አቀበት ላይ ይፈላል። ቀጥሎ የውኃ ፖምፓውን ይዩ፤ በዚህ ሞተር ላይ ፖምፓው ከሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ማንጠብ የተለመደ ነው፤ እዚያም ያው ሮዝማ ቅርፊት ይታያል። ፖምፓ መለወጥ ቴስታታ ከማውረድ እጅግ ያነሰ ሥራ ነው። ከዚያ በራዲያተሩ ላይ የሚገጠም የእጅ ግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልገው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ያስለኩ፤ መርፌው ቀስ እያለ ከወረደ ውኃው የሚወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ ያኔ በባትሪ ከኋላ ይፈለግ። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው መግባቱን የሚያሳይ፣ ጋዝ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጥ ፈሳሽም አለ፤ ይህ ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።

ቴርሞስታቱን ግን እባክዎ ያስመልሱ። ማውለቁ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም መድኃኒት አይደለም። ያለ እሱ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ስለሚሠራ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱም ቶሎ ይቆሽሻል። ከመንገድ ዳር የተቀዳ ውኃም ለአሉሚኒየም ጠላት ነው፤ ኩላንት በረዶ ለማያውቅ አገር አያስፈልግም የሚለው አባባል ዝገት መከላከሉንና የመፍያ ነጥብን ከፍ ማድረጉን የሚዘነጋ ነው። እስኪጠገን ድረስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል ካለፈ ወዲያው ይቁሙ፤ አንዴ በኃይል የጋለ ቴስታታ ይጣመማል፣ ሬቲፊካም ሁልጊዜ አያቃናውም።

ጥያቄ፦ የ2002 ራቭ ፎር፣ አውቶማቲክ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር እንደ መመታት ያለ ድንጋጤ ይሰማል። ካምቢዮው ይታደስ ተባልኩ።

መልስ፦ ካምቢዮውን ከማስነካትዎ በፊት የሞተሩ ኮምፒውተር ይመርመር። ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት ባለ አውቶማቲክ ራቭ ፎሮች በኮምፒውተሩ ጉድለት ምክንያት ማርሽ ሲቀይሩ የሚመቱ መሆናቸው በዓለም ዙሪያ ይታወቃል፤ ቶዮታም በአሜሪካ የዚህን ክፍል ዋስትና እስከ 10 ዓመት አራዝሞ ነበር። የተበላሸው ትእዛዝ ሰጪው ሆኖ ሳለ ካምቢዮ ማደስ ትልቁን ወጪ አስቀድሞ ማውጣት ነው፤ የታደሰውም በዚያው ኮምፒውተር መልሶ ይመታል። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ሰሌዳውን እንደገና መበየድ ይችላሉ። አይዘግዩ ግን፤ ምቱ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ካምቢዮውም በእውነት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ በአጋሮ መንገድ በየሳምንቱ የምመላለስ የጤና ባለሙያ ነኝ። አንድ ደላላ የ2008 ራቭ ፎር እና የ2008 ግራንድ ቪታራ አቅርቦልኛል። የትኛውን ልግዛ? ስገዛስ ምኑን ልይ?

መልስ፦ አብዛኛው መንገድዎ አስፋልት ከሆነ ራቭ ፎር ይበቃዎታል፤ መለዋወጫውም፣ ያገለገለውን ሶማሌ ተራ ድረስ አስልከው ቢያስመጡ፣ በቀላሉ ይገኛል። ወደ ዴዶ ወይም ወደ ሊሙ ውስጥ ለውስጥ፣ ጭቃና ዳገት ባለበት ጥርጊያ የሚወጡ ከሆነ ግን ግራንድ ቪታራን እመርጣለሁ። ከ2005 ወዲህ የመጣው ቪታራ አራቱንም ጎማ ዘወትር የሚነዳ ሲሆን፣ ከፍ ያሉት ሞዴሎች የዝግታ ማርሽም አላቸው፤ ራቭ ፎር ይህ የለውም። ሁለቱም ሞተሮች የሚሠሩት በካቴና (በብረት ሰንሰለት) እንጂ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ስላልሆነ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቺንጋ የመለወጥ ወጪ የለብዎትም፤ በቪታራው ላይ ግን ሞተሩ ሲነሣ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ የካቴናው ማጥበቂያ አርጅቷልና በዋጋው ላይ ይታሰብልዎ።

ለማየት ሲሄዱ ሻጩ መኪናውን እንዳያሞቀው አስቀድመው ይንገሩት። ኮፈኑን በእጅዎ ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሞተሩ እንዲነሣ አይፍቀዱ፤ የጠዋት ጭስም ሆነ የካቴና ድምፅ የሚገለጠው በቀዝቃዛ ሞተር ነውና። የአራቱንም ጎማዎች ልክ ያንብቡ። ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ላይ ልኩ ወይም የማለቅ ደረጃው የተለያየ ጎማ ከተገጠመ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት ሲታገል ይኖራል፤ እሱ ሲበላሽ ወጪው ከአራት አዲስ ጎማ ይበልጣል። መሪውን መኪናው ቆሞ ሳለ ወዲያና ወዲህ ያዙሩ፤ በራቭ ፎሩ ላይ ከእግርዎ አካባቢ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰሙ መሪውን ከታች የሚያገናኘው ዘንግ ነው፤ ከ2006 እስከ 2008 በተሠሩት ላይ የተለመደ ነው። መካኒኮች ብዙ ጊዜ ይህን ድምፅ ከቴስቲና፣ ማለትም መሪውን ከጎማው ከሚያያይዘው መገጣጠሚያ፣ ጋር ያምታቱትና ጤነኛ ቴስቲና ይለውጣሉ። ከዚያ ሜዳ ፈልገው መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው በዝግታ ይንዱት፤ ተከታታይ ቀጭ ቀጭታ ካለ የሴሚያሱ፣ ማለትም ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ፣ መገጣጠሚያ ነው። የሴሚያሱ የጎማ ሽፋን ከተቀደደ የጅማ ጭቃ ውስጡ ገብቶ ግሪሱን አሸዋ ያደርገዋል፤ ሽፋኑ ገና እንደተሰነጠቀ ቢለወጥ ግን መገጣጠሚያው ይተርፋል።

በመጨረሻ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ወይም ጉድጓድ ባለው ጋራዥ ላይ ቆሞ፣ የራቭ ፎሩን የኋላ እግር ከሥር ይመልከቱ። ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩት ራቭ ፎሮች የኋላ ጎማን አቅጣጫ የሚያስተካክሉት ዘንጎች ዳዶ ካልጠበቀ ዘንጉ ዝጎ ሊሰበር ስለሚችል ቶዮታ በ2012 እ.ኤ.አ. ለጥገና ጠርቷቸው ነበር። በሌላ አገር ሲነዳ የቆየ መኪና ይህ ተሠርቶለት ይሁን አይሁን በሻሲ ቁጥሩ ስለሚታወቅ የቶዮታን ወኪል ማስጠየቅ ይቻላል። በዘንጉ ፊለት ላይ ቅርፊት የሚያወጣ ዝገት ካዩ፣ ወይም ዳዶው በእጅ የሚዞር ከሆነ፣ ሻጩ ዋጋ ቢቀንስልዎትም ዘንጎቹ በአዲስ ሳይለወጡ ያንን መኪና ወደ አጋሮ አይንዱት።